ንጹሕ ውኃ፣ የማይበሉ ዓሦች፦ ከባሕር ዳር የአንድ የጓሮ ዓሣ እርባታ የጉዳይ ጥናት

ዓሦቹ መብላት ያቆሙት ሐምሌ ውስጥ ነው። እርባታው ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በሦስት ክብ ገንዳዎች ወደ 400 የሚጠጉ ቀረሶዎች ይረባሉ። እያንዳንዱ ገንዳ 4,000 ሊትር ይይዛል፤ ሦስቱም የሚገናኙት በአንድ ማጣሪያ ነው። ውኃው ከገንዳዎቹ ይወጣል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሞሉ በርሜሎች ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያም በፓምፕ ይመለሳል። በየቀኑ 1,500 ሊትር ያህል አሮጌ ውኃ ወደ ጎመኑና ወደ ማንጎው ይለቀቃል፤ በምትኩም አዲስ ይገባል። ባለቤቷ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ናቸው፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠራው የእኅታቸው ልጅ ነው።

እኔ የተጠራሁት ዓሣ ከሞተ በኋላ ነው። የዓሣ እርባታ ምክር የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዘግይቶ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በዚህ ግቢ ግን የሚድን ነገር ገና ነበር። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ነገሩ በስንፍና የመጣ ስላልሆነ ነው። ሰዎቹ ተጨንቀዋል፣ ጠይቀዋል፣ የተነገራቸውንም አድርገዋል።

መጀመሪያ የታየው ምልክት ከመኖ መሸሽ ነበር። እጅ ሲያዩ ውኃውን እያንቦጫረቁ የሚሻሙት ዓሦች፣ ፍርፋሪው አጠገባቸው ሲሰምጥ ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ውኃው ደግሞ ከመቼውም ይልቅ የጠራ ነበር፤ ሽታ የለውም፣ አረፋ አልያዘም፣ የገንዳው ወለል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ በመኖው ላይ አረፈ። መኖውን የሚያዘጋጁት እዚያው ነው፤ የኑግ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፍሩሽካ፣ ከጣና አስጋሪዎች የሚገዛ ደቃቅ ዓሣ ደርቆና ተፈጭቶ ይቀላቀላል። በክረምት እርጥበት ፋጉሎ ስለሚሻግት ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። መኖው ተለወጠ፤ ዓሦቹ ግን አልተለወጡም። ቀጥሎ በሽታ ተጠረጠረ፤ ቁስልም ነጭ ነጠብጣብም አልተገኘም።

በመጨረሻ ልጁ የፒኤች መለኪያ ወረቀት አግኝቶ ውኃው ውስጥ ነከረ። ፒኤች የአሲድነት ልክ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ ውኃው አሲድ ይሆናል። ወረቀቱ 6 አካባቢ አሳየው። ሰው ሲያማክር «ውኃው አሲድ ሆኗል፤ ኖራ ጨምርበት» ተባለ። ይህ ምክር በጎጃም ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም፤ አሲዳማ መሬትን ኖራ በትኖ ማከም ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ለማሳ የሚበተነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። ልጁ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ገዝቶ የመጣው ደግሞ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ነው። እርሱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የጠገበ የኖራ ውኃ ፒኤች 12.4 ይደርሳል።

ያም ሆኖ ልጁ አንድ ትልቅ ብልሃት አደረገ። የአንዱን ገንዳ ቧንቧዎች ዘግቶ ከሌሎቹ ለየውና ሙከራውን በዚያ ብቻ ወሰነ። አመሻሹ ላይ ግማሽ ጣሳ ኖራ በባልዲ በጥብጦ አፈሰሰበት። ሲነጋ በዚያ ገንዳ ከነበሩት ዓሦች አብዛኞቹ ሆዳቸውን ሰጥተው ተንሳፍፈው ተገኙ። «ጋሼ፣ የጨመርኩት ግማሽ ጣሳ ብቻ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ወይዘሮዋ ደግሞ ከገንዳው ጠርዝ ቆመው «ወንድሜ፣ ውኃው እንዲህ ጠርቶ ዓሣ እንዴት ይሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። የጉዳዩ ቁልፍ በጥያቄያቸው ውስጥ አለ፤ ገዳዩ ዓይን የማያየው ነገር ነበር።

የአልካሊኒቲ መለኪያ ጠብታዬን አወጣሁ። አልካሊኒቲ ውኃ አሲድን የሚመክትበት አቅም ነው፤ በአብዛኛው ውኃ ውስጥ ይህን አቅም የሚሰጠው ባይካርቦኔት ነው። አለካኩ ቀላል ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አምስት ሚሊሊትር ውኃ ይደረጋል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሲገባ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ቀለሙ ወደ ቢጫ እስኪዞር ጠብታ በጠብታ ይቆጠራል። አንዱ ጠብታ በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት በሊትር 18 ሚሊግራም ያህል ነው። መጀመሪያ ከጉድጓዱ በተቀዳ ውኃ ለካሁ፤ ሰማያዊው አሥረኛው ጠብታ ድረስ ጸና፣ ማለትም 180 ሚሊግራም አካባቢ። ቀጥሎ ዓሦቹ በሕይወት ካሉበት ገንዳ ቀዳሁ። የመጀመሪያው ጠብታ እንደገባ ውኃው ቢጫ ሆነ፤ ሰማያዊ ቀለም ጨርሶ አልታየም። የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት ሮቶ የተቀዳው ውኃም እንዲሁ ነበር። ልጁ ብልቃጦቹን ጎን ለጎን አቁሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

በሕይወት ባሉት ገንዳዎች ፒኤቹ 5.9፣ ጠቅላላ አሞኒያው፣ ማለትም ዓሣው ከሰውነቱ የሚያወጣው ቆሻሻ፣ ደግሞ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ነበር። ኖራ በገባበት ገንዳ አሞኒያው ያው 10፣ ፒኤቹ ግን 9 ሆኗል።

ታሪኩ ሲጠየቅ እንዲህ ነው። በሰኔ መጨረሻ የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሸ። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ቤተሰቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ውኃ በአሸንዳ ወደ ሁለት የፕላስቲክ ሮቶዎች አስገባና ገንዳዎቹን በዚያ መተካት ጀመረ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ውኃ አልጎደለም። እንዲያውም ወይዘሮዋ «ከጉድጓዱ ይልቅ ይህ ንጹሕ ነው» ብለው ተደስተው ነበር፤ ልክም ነበሩ። ችግሩ ያለው በዚያ ንጽሕና ውስጥ ነው። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውኃ በባዛልት ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ዓለቱን እያሟሟ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይይዛል። የዝናብ ውኃ ግን ከሰማይ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ፕላስቲክ ነው የሚሄደው፤ አንድም ድንጋይ አያገኝም። ማጠራቀሚያው የሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ከግድግዳው ትንሽ ኖራ ይወስድ ነበር።

ባይካርቦኔቱን የሚጨርሰውስ ማን ነው? በበርሜሎቹ ውስጥ በድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣው ከመኖው ፕሮቲን የሚያወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ በዚህ ሥራ ላይ አሲድ ይፈጠራል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ 7.14 ግራም አልካሊኒቲ ይበላል። ግቢው በቀን አንድ ኪሎ ግራም መኖ ይሰጣል፤ የመኖው ፕሮቲን 30 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ መኖ ወደ 28 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል፤ ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ በቀን 200 ግራም ያህል አልካሊኒቲ ይጨርሳሉ። የጉድጓዱ ውኃ በየቀኑ በ1,500 ሊትር 270 ግራም ያስገባ ነበር። ገቢው ከወጪው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ገንዳው በ50 ሚሊግራም አካባቢ ሚዛኑን ጠብቆ ይኖራል። ይህ በበጋም ቢሆን ጠባብ ነበር፤ ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት እርባታ 100 እና ከዚያ በላይ ይመክራሉ።

የዝናብ ውኃ ሲገባ ገቢው ዜሮ ሆነ። በ12,000 ሊትር ውስጥ የነበረው ጠቅላላ ክምችት 600 ግራም ነው፤ በቀን 200 ሲወጣበት፣ ከሚለቀቀው አሮጌ ውኃ ጋር የሚሄደውም ሲታከል፣ ለሦስት ቀን እንኳ አይበቃም። አልካሊኒቲ እንደ ጎተራ እህል ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ ረኃብ አይታይም። ፒኤች ብቻ የሚለካ ሰው ይህን መሟጠጥ አያየውም፤ ቁጥሩ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተትና ባይካርቦኔቱ ሲያልቅ በአንዴ ይወድቃል። ፒኤቹ ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ አሞኒያውን የሚነካው የለም፤ በየቀኑ ይከማቻል። ዓሦቹ መብላት ያቆሙት በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ 10 ሚሊግራም አሞኒያ ውስጥ እንዴት በሕይወት ቆዩ? አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አሞኒየም ነው፤ በመጠኑ ቢበዛም ዓሣን እምብዛም አይጎዳም። ሁለተኛው ነጻ አሞኒያ ነው፤ በስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣው በሚተነፍስበት አካል፣ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን፣ ፒኤች 6 ላይ ነጻው አሞኒያ ከጠቅላላው 0.06 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 7 ላይ 0.6፣ 8 ላይ 5፣ 9 ላይ 36 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ አሲዱ ለዓሦቹ ጋሻ ሆኖላቸው ነበር። ኖራው በአንድ ሌሊት ፒኤቹን ከ6 ወደ 9 ሲያነሣው መርዙ ስድስት መቶ እጥፍ ሆነ። ከወጣ ጽሑፍም ሆነ ከሰው አፍ «ፒኤች ሲወርድ ኖራ ጨምሩ» የሚል ምክር በሰማሁ ቁጥር የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው፤ አሞኒያ ሳይለካ የተሰጠ ምክር ዓሣውን ከነባለቤቱ የሚጎዳ ነው።

ቀሪዎቹን ሁለት ገንዳዎች ለማዳን ያደረግነው ነገር ወይዘሮዋን አስገርሟቸዋል። በዚያው ሰሞን ፓምፑ ተጠግኖ ስለነበር የጉድጓዱ ውኃ እንዲገባ ፈልገው ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የዝናቡን ውኃ እንድንጠቀም ጠየቅኋቸው። የጉድጓዱ ውኃ በባይካርቦኔት የተሞላ ነው፤ ብዙ ከገባ አሞኒያው በበቂ ሳይቀንስ ፒኤቹን ያነሣዋል። የዝናቡ ውኃ ግን ፒኤቹን ሳይነካ አሞኒያውን ያቀጥነዋል። ጥፋቱን ያመጣው ውኃ ለመድኃኒትነት ተገቢው እርሱ ነበር። መኖ ሙሉ በሙሉ አቆምን። ከውኃው ግማሹን አውጥተን በዝናብ ውኃ ተካን፤ በማግሥቱም ደገምነው። ዓሦቹ በዚህ ጨው አልባ ውኃ እንዳይቸገሩ ጥቂት የገበታ ጨው አሟሟን። አሞኒያው ከ3 በታች ወረደ።

ወደ ሶዳ የተሻገርነው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠቀምነው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በሱቅ ቤኪንግ ሶዳ የሚባለውን ነው። ሶዳው ፒኤችን ከ8.3 አካባቢ በላይ ስለማይገፋ ከኖራ ይልቅ ይታመናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፣ አሲድ ተቀላቅሎበታል፤ ለሳሙና ሥራ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ዓሣም ሰውም ያቃጥላል። ልጁ የገዛውን ጥቅል ጽሑፍ አብረን አንብበን ነው የከፈትነው። በ8,000 ሊትር ውኃ አልካሊኒቲን 50 ሚሊግራም ለማንሣት 670 ግራም ሶዳ ይበቃል። ያንን ለአራት ቀን ከፋፍለን በየማለዳው አሟሟን፤ ከእያንዳንዱ መጠን በፊት አሞኒያውን እየለካን ነው። ሁለተኛው መጠን ከገባ በኋላ ልጁ ያለማንም ትእዛዝ ብልቃጡን አንሥቶ ጠብታ ቆጠረ፤ ሰማያዊው ታየ።

ማጣሪያው ወዲያው አልተነሣም። ባክቴሪያዎቹ በዝግታ የሚራቡ ናቸው፤ ከተዳከሙ በኋላ ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት በሳምንታት ነው። አሞኒያውን የሚለውጡት ቀድመው ሲነቁ፣ ናይትራይቱን የሚለውጡት ዘገዩ፤ ስለዚህ ናይትራይት ለጊዜው ከፍ አለ። ናይትራይት የዓሣን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይነሣዋል፤ ስንጥቡም ቡናማ ይሆናል። ቀድመን የጨመርነው ጨው እዚህ ላይ ደገፈን፣ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ስለሚሻማው። አየር መንፊያውም ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ በ25 ዲግሪ ሙቀት ውኃ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 6.7 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 8.3 ነው። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል። በቆላ ለሚሠራ እርባታ የተጻፈ የአየር ልክ እዚህ አይበቃም።

ካልሲየምን እስካሁን በጉዞ ላይ ነው ያነሣሁት፤ እርሱም የጉዳዩ አካል ነው። ሶዳ አልካሊኒቲ ይሰጣል እንጂ ካልሲየም አይሰጥም። ዓሣ ለአጥንቱና ለቅርፊቱ፣ እንዲሁም የሰውነቱን ጨው ለመጠበቅ ካልሲየም ይፈልጋል፤ ካልሲየም ያለው ውኃ የአሲድንም ሆነ የአሞኒያን ጉዳት ያለዝባል። ይህን የካልሲየምና የአልካሊኒቲ ጥምረት ከሁሉ በላይ የሚከታተሉት በቤታቸው በጨው ውኃ ገንዳ ኮራል፣ ማለትም ድንጋያማ አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ፣ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አልካሊኒቲን አዘውትሮ የመለካትን ልማድ ያገኘሁት ከእነርሱ አሠራር ነው። ኮራል አጽሙን ሲሠራ ለእያንዳንዱ 50 ሚሊግራም አልካሊኒቲ 20 ሚሊግራም ካልሲየም ይወስዳል። በባሕር ውኃ ውስጥ ካልሲየም በሊትር 410 ሚሊግራም ያህል፣ አልካሊኒቲ ግን 120 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ፍጆታ ካልሲየሙን በ5 በመቶ ብቻ ሲነካ አልካሊኒቲውን በ40 በመቶ ያወርደዋል። ቀድሞ የሚነግራቸው እርሱ በመሆኑ ብዙዎቹ በየቀኑ ይለኩታል። ኖራም ይጠቀማሉ፤ ዓሦቹን የጨረሰውን ያንኑ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። ነገር ግን በጥብጠው ያዘቅጡታል፣ የጠራውን ብቻ ይወስዳሉ፣ በትነት የጎደለውን ውኃ ለመተካት ጠብታ በጠብታ ያንጠባጥቡታል፤ በገንዳቸውም የተከማቸ አሞኒያ የለም።

በዘንዘልማው ግቢ ለካልሲየም የመረጥነው የኖራ ድንጋይ ነው። ከዓባይ በረሃ የመጣ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ሳይሆን ተሰባብሮ፣ በመረብ ከረጢት ገብቶ፣ የማጣሪያው ውኃ በሚፈስበት አፍ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ውኃው ወደ አሲድ ሲያዘነብል ይሟሟል፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል ይቆማል፤ ስለዚህ ከመጠን አያልፍም። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፒኤቹ ከ7 በላይ ሲሆን አሟሟሙ እጅግ ይዘገያል። የጎደለውን ሶዳ ይሙላ ተባለ። ሶዳውንም ቢሆን ያለልክ ማብዛት አልፈለግንም፤ የገንዳው አሮጌ ውኃ የሚፈሰው ወደ ጎመኑ ነው፤ ሶዲየም በአፈር ውስጥ ዓመት ከዓመት ከተከማቸ አትክልቱን ይጎዳል። ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ «ዓሣውን አድኜ ጓሮዬን ልገድል?» አሉ፤ የሶዳውን መጠን በመጨረሻ የወሰነው ይህ ስጋታቸው ነው።

የደረስንበት ስምምነት በማጣሪያው አጠገብ በእርሳቸው ውብ የመምህር ጽሑፍ ተለጥፏል። በክረምት የዝናቡና የጉድጓዱ ውኃ እኩል ለእኩል ይደባለቃል። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ኪሎ ግራም መኖ 250 ግራም ያህል ሶዳ ገንዳውን በ60 ሚሊግራም አካባቢ ያቆየዋል። ጉድጓዱ ጨርሶ ከጠፋና ውኃው የዝናብ ብቻ ከሆነ መጠኑ ወደ 480 ግራም ይጠጋል፤ ከዚያ ይልቅ መኖውን በግማሽ መቀነስ ይቀላል፣ ቀረሶም በክረምቱ ቅዝቃዜ የሚበላው ያነሰ ነው። በበጋ፣ ሙሉ የጉድጓድ ውኃ ሲገባ፣ 30 ግራም ይበቃል። አልካሊኒቲ በክረምት በየሁለት ቀኑ፣ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለካል። ጠብታው ከሦስት በታች ሲሆን መኖ ይቆማል፣ አሞኒያም ይለካል፤ አሞኒያው ሳይታወቅ ወደ ገንዳው ምንም ዓይነት ነጭ ዱቄት አይገባም። ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ወይዘሮዋ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውባታል።

በሁለቱ ገንዳዎች ያሉት ዓሦች ናይትራይቱ ከወረደ በኋላ ወደ መኖ ተመልሰዋል፤ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ እንደ ቀድሞው እየተሻሙ። ሦስተኛው ገንዳ ታጥቦ በድብልቅ ውኃ ተሞልቷል፤ ከማጣሪያው ጋርም ተገናኝቷል። ጫጩት ዓሣ የሚገባበት መስከረም ሲጠባ፣ የማጣሪያው አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ነው። ልጁ ለግዢው የሚሄድበትን ቀን ሳይወስን መለኪያውን ይጠብቃል።